«ተፈነከተ» ወይስ «ተቆረጠ»? ምት የሚያደርሳቸው ጉዳቶች በአማርኛ

ጥያቄ፦ ሐኪሞች በእንግሊዝኛ የጻፉትን የሕክምና ማስረጃ ለፍርድ ቤት ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። «ኮንቱዥን»፣ «አብሬዥን»፣ «ላሰሬሽን» የሚሉትን አንዳንዱ ባልደረባዬ ሁሉንም «ቁስል» ይላቸዋል፤ ሌላው «ላሰሬሽን»ን «መቆረጥ» ይለዋል። አማርኛ ለነዚህ የየራሳቸው ስም የለውም?

መልስ፦ አለው። እንዲያውም የአማርኛ ግሦች ጉዳቱ እንዴት እንደደረሰ ጭምር ይናገራሉ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያልታሰበበት ቃል ሐኪሙ ያላለውን ያስብለዋል።

ከከባዱ ስሕተት ልጀምር። «ላሰሬሽን»ን «መቆረጥ» ማለት ዱላን ቢላዋ ማድረግ ነው። በሕግ ሕክምና ቋንቋ ላሰሬሽን ማለት ስለት የሌለው ነገር፣ ድንጋይም ይሁን ዱላ ወይም የግድግዳ ጠርዝ፣ ቆዳውን አጥንት ላይ ጨፍልቆ ሲሰነጥቀው ነው። ስለዚህም በብዛት የሚታየው አጥንት ከቆዳ በቀረበበት ቦታ ነው፦ በራስ ቅል፣ በቅንድብ፣ በጉንጭ አጥንት፣ በቅልጥም። ዳሩ ወጣ ገባ ነው፤ ዙሪያው የተላጠ ወይም የበለዘ ይሆናል። ዋናው ምልክት ያለው ግን ውስጡ ነው፤ የቁስሉን አፍ ከፈት አድርገው ሲያዩት ከዳር እስከ ዳር የተዘረጉ፣ ሳይበጠሱ የቀሩ ጅማቶች፣ ነርቮችና የደም ሥሮች ይታያሉ። ስለት እነዚህን አይተውም፤ ዳሩንም አጥርቶ ይቆርጣል። ራስ ላይ ሲሆን ፀጉሩም ይመሰክራል፦ በስለት የተመታ ፀጉር ተቆርጦ፣ በድንጋይ የተመታ ተጨፍልቆ ይገኛል። የራስ ቆዳ በምት ሲሰነጠቅ አንዳንዴ ቀጥ ብሎ ስለሚከፈት ለዓይን ቁርጥ ይመስላል፤ ሐኪሙ ይህን ለይቶ የጻፈውን ተርጓሚው መልሶ ሲያደባልቀው ያሳዝናል።

ታዲያ ምን እንበል? ጉዳቱ ራስ ላይ ከሆነ «ፍንክት» የሚስተካከለው የለም። «በድንጋይ ፈነከተው» ይባላል እንጂ «በምላጭ ፈነከተው» የሚል የለም። ግን ፍንክት የራስ ነው፤ ክንድ ወይም ቅልጥም አይፈነከትም። ለሌላው አካል «በምት የተሰነጠቀ ቁስል» ብለው ይጻፉ። «የተሰነጠቀ» ብቻውን አይበቃም፤ ቢላዋም ይሰነጥቃልና «በምት» የምትለዋን አይተዋት። ቆዳው ከሥጋው ተለይቶ ከተነሣ ደግሞ «ተገሽልጧል»።

በስለት ለደረሰው ጉዳት «የተቆረጠ ቁስል»፣ በሹል ነገር ለደረሰው «የተወጋ ቁስል» ማለት ይሻላል። ከግሡ ስም ላውጣ ብለው «ቁርጠት» እና «ውጋት» ካሉ አንባቢው የሆድ ሕመምና የጎን ሕመም ይመጣበታል።

«ኮንቱዥን» ቆዳው ሳይከፈት ከሥሩ ደም ሲፈስ ነው፤ አማርኛው «ብልዘት» ነው። «ቁስል» አይበሉት፤ በተለመደው አነጋገር ቁስል አፍ አለው። ደሙ አንድ ቦታ ተጠራቅሞ ካበጠ «ደም ቋጥሯል» ይባላል። ብዙ ሰው ለማንኛውም ብልዘት «ሰንበር» ይላል፤ በማስረጃ ላይ ግን ለይቶ መጠቀም ይገባል፣ ሰንበር የአለንጋንና የአርጩሜን ፈለግ ያሳስባልና። የሕግ ሐኪሞችም ይህን ቅርጽ ያውቁታል፦ ድቡልቡል ዱላ ሲያርፍ ከሥሩ ያለውን ደም ወደ ጎንና ጎን ይገፋዋል፤ የደም ሥሮቹ የሚበጠሱት በሁለቱ ዳሮች ላይ ስለሆነ መካከሉ የነጣ ሁለት ትይዩ መስመር ይቀራል። ሐኪሙ ይህን ቅርጽ ከገለጸ «ሰንበር» በትክክል ይገባል፤ ካልገለጸ «ብልዘት» ይበቃል።

ብልዘት ቦታውን እንደሚቀይርም ያስታውሱ። ግንባሩን የተመታ ሰው ደሙ ቁልቁል ወርዶ ዓይኑ ዙሪያ ሊበልዝ ይችላል። «ዓይኑ ዙሪያ ብልዘት አለ» የሚለውን «ዓይኑን ተመቷል» ብሎ መተርጎም ስለዚህ ስሕተት ነው። ከቀለሙም ተነሥተው ምቱ የደረሰበትን ቀን አይገምቱ። ከቀይና ከወይን ጠጅ ወደ አረንጓዴና ቢጫ የሚሄደው በፈሰሰው ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን (ደሙን ቀይ የሚያደርገው ንጥረ ነገር) እየተሰባበረ ሲሄድ ነው፤ ፍጥነቱ ግን በዕድሜ፣ በቦታና በጥልቀት ይለያያል። ቢጫ ከታየ ከምቱ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ያህል አልፏል ይባላል፤ ከዚያ ያለፈ ግምት አስተማማኝ አይደለም። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ቀለሙ በደንብ ስለማይለይ ሐኪሙ «እብጠት» እና «ሲነካ ያማል» ብሎ ከጻፈ ሁለቱንም ሳይጥሉ ይመልሱ።

«አብሬዥን» የላይኛው ቆዳ መላጥ ነው። ሰፋ ብሎ አስፋልት ላይ እንደተንሸራተተ ጉልበት ከሆነ «ተግጧል»፣ ቀጭን መስመር ከሆነ «ጭረት»። «ተቧጭሯል» ግን ጥፍርን ይጠራል፤ ሐኪሙ ስለ ጥፍር ካልተናገረ ይተዉት። የተላጠው ቆዳ ተጠቅልሎ የተጠራቀመበት ጫፍ እንቅስቃሴው ያበቃበትን ስለሚያሳይ «ከላይ ወደ ታች» የመሰለ አገላለጽ ትርፍ ነገር መስሎዎት እንዳይዘሉት። ደርቆ የሸፈነው ነገር «ቅርፊት» ነው፤ «እከክ» ሌላ በሽታ፣ «ጠባሳ» ደግሞ የዳነ ቁስል ምልክት ነው።

ይህ ሁሉ የቃል ጨዋታ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከባድ የአካል ጉዳትን በአንቀጽ 555፣ ቀላሉን በ556 ይዞ፣ ስለ እጅ እልፊት (የአካል ጉዳት ሳያደርሱ ሰውን ስለ መምታት) በሚናገረው አንቀጽ 560 ላይ ቀላል ብልዘትን፣ እብጠትንና ቶሎ የሚያልፍ ሕመምን እንደ አካል ጉዳት አይቆጥርም። ብልዘቱን «ቁስል» ያለ ተርጓሚ፣ ሳያውቀው ጉዳዩን ከአንዱ አንቀጽ ወደ ሌላው ሊገፋው ይችላል።

ለናሙና ያህል አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «በግራ ቅንድቡ ላይ ርዝመቱ 3 ሴ.ሜ. የሆነ፣ ዳሩ ወጣ ገባና የተላጠ፣ በምት የተሰነጠቀ ቁስል፤ ከዓይኑ ሥር 2 በ4 ሴ.ሜ. የሆነ ብልዘት»። «ግራ» የተጎጂው ግራ ነው፤ የተመልካቹ አይደለም። «ተመትቶ»፣ «ደብድበውት» የሚል ሐኪሙ ያልጻፈው ግሥ አልገባበትም፤ የወደቀ ሰውም ቅንድቡ እንዲህ ይሰነጠቃል።