ቦርዱን ከማስፈታትህ በፊት አንዲት ቃል አጥፋ

«ሰላም ጋሼ። ላፕቶፔ የኤኤምዲ ራይዘን 5000 ፕሮሰሰር አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 ስገዛው ኡቡንቱ 20.04 የሚባል የሊኑክስ ሲስተም ተጫነልኝ። ኤችዲኤምአይ ስሰካ ሁለተኛው ስክሪን አይታይም። ብራይትነስ አይቀንስም። ክዳኑን ዘግቼ ስከፍተው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሲስተሙ አርጅቷል ስለተባልኩ ወደ 22.04፣ ከዚያም ወደ 24.04 አሳደግኩት። ያው ነው። አሁን አንድ ጥገና ቤት ፖርቱ ተቃጥሏል፣ ቦርዱ ይፈታ ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ቆይ፣ እንዳታስፈታው። ፖርት ቢቃጠል ብራይትነሱን ምን አገባው? የነገርከኝ ሦስቱም ችግሮች የሚገናኙት ግራፊክስ ድራይቨሩ (ሲስተሙ ስክሪኑን የሚያዝበት ሶፍትዌር) ላይ ነው።

መጀመሪያ ሴቲንግስ ውስጥ ገብተህ «ሲስተም»፣ ከዚያ «አባውት»፣ ከዚያ «ሲስተም ዲቴይልስ» የሚለውን ክፈትና የግራፊክስ መስመሩን እይ። ኤኤምዲ ራዲዮን ካለ ድራይቨሩ ተጭኗል። «ኤልኤልቪኤም ፓይፕ» ወይም «ሶፍትዌር ሬንደሪንግ» ካለ ግን ግራፊክሱ ሥራ ፈት ተቀምጧል፤ ስክሪኑን የሚስለው ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው። ቪዲዮ ስትከፍት ፋኑ የሚጮህ ከሆነም ከዚሁ ነው።

ምን እንደተፈጠረ ልገምት። 20.04 ሲወጣ ይዞት የመጣው ከርነል (ሃርድዌሩን የሚያዝ የሲስተሙ እምብርት) 5.4 ነበር፤ ያንተን ቺፕ አያውቀውም። ሲጭኑት ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ጫኙም ማስነሻ ትእዛዙ ላይ «ኖሞድሴት» (nomodeset) የምትል ቃል ይጨምራል። ትርጉሟ «የግራፊክስ ድራይቨሩን ተወው፣ በተገኘው ስክሪን ተነሳ» ነው። ሰውየውን አልወቅሰውም፣ እኔም ስንቴ አድርጌዋለሁ። 24.04 ሲወጣ ይዞት የመጣው ከርነል ግን 6.8 ነው፤ ቺፕህን አሳምሮ ያውቀዋል። ችግሩ፣ ሲስተሙን ስታሳድግ ያ የማስነሻ ፋይል እንዳለ ይቀራል። ከርነሉም የታዘዘውን ይፈጽማል።

ለሙከራ ላፕቶፑን ሪስታርት አድርግ። የአምራቹ አርማ ሲታይ «ኢስኬፕ»ን አንዴ ንካ። ደጋግመህ ከነካካኸው ጥቁር የትእዛዝ መስመር ላይ ይጥልሃል፤ አትደንግጥ፣ አጥፍተህ እንደገና ጀምር። የማስነሻው ሜኑ (ግራብ ይባላል) ሲመጣ የኡቡንቱው መስመር ላይ ሆነህ የ«ኢ» ፊደልን ተጫን። «ሊኑክስ» ብሎ የሚጀምር ረጅም መስመር ታገኛለህ። መጨረሻው አካባቢ፣ «ኳየት ስፕላሽ» ከሚለው አጠገብ ኖሞድሴት ካለች እሷን ብቻ አጥፋ። ከዚያ ኮንትሮልና ኤክስን አንድ ላይ ተጫን፣ ይነሳል።

ይሄ የሚሠራው ለአንድ ማስነሻ ብቻ ነው፣ ምንም አይመዘገብም። ስክሪኑ ጥቁር ከሆነብህ የፓወር ቁልፉን ተጭነህ ቆይ፤ ሲጠፋ መልሰህ አብራው። ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ኤችዲኤምአዩ ከሠራልህ ቋሚ አድርገው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተህ በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ «ኢቲሲ» ውስጥ «ዲፎልት» ከሚባለው ፎልደር «ግራብ» የሚባለውን ፋይል ክፈት። «ሲኤምዲላይን ሊኑክስ ዲፎልት» ከሚለው መስመር ላይ ቃሏን አጥፍተህ ሴቭ አድርግ። ቀጥሎ «ሱዶ አፕዴት-ግራብ» (በላቲን ፊደል፣ በመሃሉ ሰረዝ አለው)። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ፋይሉን አስተካክሎ ይህን ካላዘዘ ምንም አልሠራም። ቃሏ አሁንም ተመልሳ ከመጣች እዚያው አጠገብ ያለውን «ግራብ ነጥብ ዲ» የሚባለውን ፎልደር ፈትሽ።

እግረ መንገድህን «ኤሲፒአይ ኦፍ» የሚልም ካየህ ጠርጥረው። የባትሪ ምልክት የሚያጠፋ፣ ማሽኑ ሲዘጋ ፓወሩን እንዳያቋርጥ የሚያደርግ እሱ ነው። እሱንም መጀመሪያ በዚያው በጊዜያዊው መንገድ ሞክረው፣ ግን ሁለቱን አንድ ላይ አታጥፋ፤ የቱ ምን እንዳደረገ ይጠፋሃል።

አባውት ላይ ራዲዮን እየታየ ኤችዲኤምአዩ አሁንም እምቢ ካለ፣ ገመዱን ቀይር፣ ከጓደኛ ሌላ ስክሪን ተውሰህ ሞክር። ስለ ፖርቱ የምናወራው ያኔ ነው።