ለአርባ በግ ስንት ውሻ? ቡችሎቹን ከማስቀረትዎ በፊት

ጥያቄ፦ መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ነዋሪ ነኝ። አርባ ሁለት በግ፣ ሁለት በሬና አንዲት ላም አለኝ። ቤተሰባችን ስድስት ነው፤ ዘንድሮ 14 ኩንታል ገብስ አስገብቻለሁ። ሁለት ውሻ አለኝ፤ ወንዱ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ሴቷ ሦስት። ባለፈው ክረምት ጅብ ሁለት ጠቦት ወሰደብኝ። አሁን ሴቷ ስድስት ቡችላ ወልዳለች። ጎረቤቶቼ «አራቱን አስቀር፣ ጅብ ደጅህን አይረግጥም» ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ «በምን ልታበላቸው ነው?» ትላለች። ስንት ውሻ ብይዝ ይሻላል? ሌላው፣ አምና ሁለት በግ አንገታቸውን አጣመው ሲዞሩብኝ አርጄ ነበር፤ እሱን በሌላ ጊዜ እጠይቃለሁ።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ለእርስዎ ቤት ሁለት ትልልቅ ውሾች ይበቃሉ። ወንዱ እያረጀ ስለሆነ ለእሱ ተተኪ የሚሆን አንድ ቡችላ ያስቀሩ። ሦስቱ አብረው የሚቆዩት አሮጌው እስኪያልፍ ነው፤ ከዚያ ወደ ሁለት ይመለሱ።

ምክንያቱን የምጀምረው ከጅቡ ሳይሆን «በሌላ ጊዜ» ብለው ካለፏቸው ሁለት በጎች ነው። በጅብ ሁለት አጡ፤ በዚያም ሁለት አጡ። የኋለኞቹን ያሳጣዎት ግን ውሻ ነው፣ የእርስዎ ወይም የጎረቤት።

አንገቱን አጣሞ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚዞር፣ ከመንጋው ተለይቶ የሚቆም፣ ግድግዳ ሲያጋጥመው ግንባሩን አስደግፎ የሚቀር በግ አዙሪት ይዞታል። አንዳንዱን ከቀንዱ ሥር በአውራ ጣት ጫን ቢሉት አጥንቱ ሳስቶ ይረገብልዎታል። የእንዲህ ዓይነቱ በግ ራስ ሲፈለጥ አንጎሉ ላይ እስከ ዶሮ እንቁላል የሚያህል ስስ ፊኛ ይገኛል። ውስጡ የጠራ ውሃ ነው፤ ከሽፋኑ ላይ ሰሊጥ የመሰሉ ነጫጭ ነጥቦች በየቦታው ተሰባስበው ተለጥፈዋል። እያንዳንዷ ነጥብ ውሻ ሆድ ስትገባ አንድ ሙሉ ትል መሆን ትችላለች፤ የኮሶ ትል ዘመድ ናት። ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሞላት እንቁላል መጣል ትጀምራለች። እንቁላሉ ከውሻው እዳሪ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፣ በጉ ከሣሩ ጋር ይውጠዋል፣ ከዚያም ከሁለት እስከ ስምንት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መዞር ይጀምራል። በሳንባና በጉበት ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ፊኛ የሌላ ትል ነው፤ መንገዱ ግን ያው ነው። ያኛው ደግሞ ከውሻ ወደ ሰው፣ በተለይ ቡችላ ታቅፈው ወደሚውሉ ልጆች ይተላለፋል።

እንግዲህ አምና ያረዷቸው በጎች ራስ የት ደረሰ? ለውሾቹ ተወርውሮ ከሆነ የዘንድሮው አዙሪት ያኔ ተዘርቷል ማለት ነው።

የውሻው ቁጥር እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። የጠገበ ውሻ ደጅ ይተኛል። የራበው ጥንብ ፍለጋ ይዞራል፤ የሞተ በግ፣ በዓል ሲሆን ደግሞ መንደሩ የጣለውን ራስና ሳንባ ይበላል፤ ከዚያ ግጦሹ ላይ ይጸዳዳል። ስለዚህ «ስንት ውሻ?» ሲሉ «በየቀኑ ከቤቴ ስንቱን አጠግባለሁ?» ማለትዎ ነው።

ሒሳቡን እንየው። የአገራችን ውሻ 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል እንበል። ሌሊት ሲጠብቅ የሚያድር፣ ቀን ከመንጋ ጋር የሚወጣ ከሆነ በቀን 350 ግራም ያህል የገብስ ዱቄት የሚሰጠውን ጉልበት ይፈልጋል። በእንጀራ ከለኩት ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል መካከለኛ እንጀራ ነው። በዓመት ወደ 128 ኪሎ፣ ማለትም ከኩንታል አልፎ ሩብ ይሆናል። ሁለቱ ውሾችዎ ሁለት ኩንታል ተኩል ይበላሉ። ጎረቤቶችዎ እንደሚሉት አራት ቡችላ ጨምረው ስድስት ቢያደርሷቸው ሰባት ኩንታል ተኩል፣ ከ14ቱ ኩንታል ከግማሽ በላይ ለውሻ ሄደ ማለት ነው። «ትራፊ ይበላሉ» ይሉኝ ይሆናል። የስድስት ሰው ቤት ትራፊ አንድ ውሻ ቢያጠግብ ነው፤ ሁለተኛው ከጎተራ ይበላል፣ ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ከጎተራ። እናትዮዋ ቡችሎቹ ሦስትና አራት ሳምንት ሲሆናቸው ብቻዋን የሦስት ውሻ ያህል እንደምትበላም አይርሱ። ያኔ ካጎደሉባት ወተቷ ይደርቃል፣ ቡችሎቹ ይቆረቁዛሉ።

ገብስ ብቻውን አይበቃም። ሦስት እጅ የገብስ፣ አንድ እጅ የባቄላ ዱቄት አድርገው እንደ ገንፎ በደንብ ያብስሉት፤ በአሬራ ወይም በአጓት ያርጥቡት። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቤቱ ሥጋ አያወጣም፣ ወተትም አይጠጣም፤ የሚናጠው ወተት አሬራ ግን ያኔ ጠጪ የለውም፣ ለውሻ ይዋል። ሽንኩርት የበዛበት የወጥ ትራፊ አይስጡ፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ያሳንሳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ሲሰበር ስለሚሾል ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ውሃ በቀን ከሊትር እስከ ሊትር ከሩብ ለአንድ ውሻ ያቅርቡ። ጠዋት ትንሽ፣ ዋናውን ማታ በጎቹ ከገቡ በኋላ ያብሏቸው፤ ምግቡ ማታ የሚሰጥ ውሻ ለማደር ወደ ቤት ይመጣል።

የፋሲካ ሰሞን አደገኛው ነው። በየደጁ ይታረዳል፣ ራሱና ሳንባው ይጣላል፣ ከጾሙ የወጣው ውሻ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ከእርስዎ ቤት የሚወጣውን ራስ፣ ሳንባና ጉበት ጥሬውን አይስጡ። ለውሻ መስጠት ከፈለጉ ከፈላ በኋላ አንድ ሙሉ ሰዓት ይቀቅሉት። ቆላ ለሚኖር ሰው አርባ ደቂቃ እንለው ነበር፤ እናንተ ግን 3000 ሜትር ላይ ናችሁ፣ ውሃው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ጊዜውን ማርዘም ግድ ነው። ማገዶው ከከበደ ጉድጓድ ይሻላል፤ ከወገብ ያላነሰ ጥልቀት፣ ከላይ ደግሞ ውሻ እንዳይቆፍረው የድንጋይ ክምር። የሚዞረው በግ ሳይከሳ ከተደረሰበትና በምርመራ ሌላ ችግር ካልተገኘበት ሥጋው ይበላል፤ ራሱ ግን ያለ ምንም ክርክር ወደ ጉድጓድ።

የትል መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። ልኩ ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም ነው። የ20 ኪሎ ውሻ 100 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 50ው ክኒን ሁለት ይወስዳል። በቅቤ ወይም በሥጋ ጠቅልለው ይስጡ፤ ሳይተፋው መዋጡን ቆመው ይዩ። ለበግ የሚሰጠው አልቤንዳዞል ይህን አይተካም፤ አይቨርሜክቲን ደግሞ ይህን ትል ጨርሶ አይነካውም። ገበያ ላይ «የውሻ ትል መድኃኒት» ሲባሉ የብልቃጡን ስም ያንብቡ ወይም ያስነብቡ። መድኃኒቱን በሰጡ ሦስት ቀን ውሻውን አስረው ያቆዩትና እዳሪውን ሰብስበው ይቅበሩ፤ አለበለዚያ የወጣው ሁሉ መስኩ ላይ ይዘራል። በየስድስት ሳምንቱ መስጠት ነው ትክክለኛው። አቅም ካነሰ ቢያንስ ከየእርድ በዓሉ በኋላ አምስት ሳምንት ቆጥረው ይስጡ፤ ለፋሲካው ዕርገት ሳይደርስ ማለት ነው። ትሉ እንቁላል መጣል ሳይጀምር ይደርሱበታል። ይህን ለሁለት ውሻ ማድረግ ይቻላል። ለስድስት የሚያደርግ ገበሬ ካለ ሥራው ሌላ የለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ጅቡ። ውሻ ጅብን አይገድልም፤ ሥራው ሰው መቀስቀስ ነው። ሁለት ውሻ፣ አንዱ በበሩ፣ ሌላው በጓሮው በኩል ካደሩ ከሁለቱም ወገን የሚመጣ ይሰማል። ስድስት ሲሆኑ እርስ በርስ እየተቀሳቀሱ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻሉ፣ ሰዉም ይለምደውና መነሳት ይተዋል። ጅቡ የሚገባው ያኔ ነው። ሌላም ክፉ ጠባይ አለ፤ አንድ ውሻ በግ ይጠብቃል፣ አራት ሆነው ሜዳ የወጡ ግን በግ ማባረር ይጀምራሉ። አንድ ጊዜ ጠቦት የነከሰ መንጋ ደግሞ ድጋሚ አይታመንም። እረኛው ልጅ ቢበዛ ሁለት ውሻ ነው በድምፁ የሚያዝ።

ጠቦቶቹን ያስወሰደብዎት የውሻ ማነስ ሳይሆን የበረቱ ነገር ይመስለኛል። ግልገልና ጠቦት ሌሊት ጣሪያና የሚቆለፍ በር ባለው ቤት ይደር። የድንጋዩ አጥር ከሰው ቁመት አይነስ፣ አናቱ ላይ እሾህ ይደርደርበት፣ ከሥሩ የተከፈተ ቀዳዳ በትልልቅ ድንጋይ ይደፈን፤ ጅብ ከመዝለል ይልቅ በሥር መግባት ይቀለዋል። ውሻውን ሌሊት ከአጥር ውጭ አይሰሩት፤ ሊሸሽ የማይችል ውሻ ለጅብ የተዘጋጀ ራት ነው። ቀን ማሰር ካስፈለገ ሰንሰለቱ ከሦስት ሜትር አይጠር፤ በአንገቱና በማሰሪያው መካከል ሁለት ጣት ይግባ። የቡችላውን ማሰሪያ በየሳምንቱ ይዩት። አንገቱ ሲወፍር ማሰሪያው ቆዳውን ቆርጦ ይገባል፤ የሚታወቀው ሲሸት ነው።

ከስድስቱ የትኛው ይቅር? ወንድ ይሁን። ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች፤ ሁለት ሴት ካሉዎት ይህንኑ ጥያቄ በየስድስት ወሩ ይጠይቁኛል። እናትዮዋ ስትዳራ ሦስት ሳምንት ያህል ቤት ትዘጋ፤ እርግዝናዋ 63 ቀን ገደማ ነው። ማምከን ከተፈለገ በማደንዘዣ የሚሠራ ቀዶ ጥገና ነው፣ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልገዋል። በሬ የምንቀጠቅጥበትን ቡርዲዞ ወንዱ ውሻ ላይ የሚሞክር ሰው ካለ ያስቁሙት። የሚቀረውን ቡችላ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይለዩ። ከዚያ እስከ አራት ወሩ ከግልገሎቹ አጠገብ ይደር፣ ይብላም፤ በዚህ ዕድሜ በግ የለመደ ውሻ ሲያድግ ከመንጋው አይርቅም። እስከዚያው በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ ይመግቡት። ሌሎቹን አምስት ለሚያበላ ቤት ይስጡ። ገበያ ወስደው የሚጥሏቸው ከሆነ ግን ዞረው የሚመጡት ወደ እርስዎው ግጦሽ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ ነው። መከተብ የማይችሉትን ውሻ አይያዙ፤ ይህ ከምግቡም የከበደ መለኪያ ነው። ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ጸበልም የባህል መድኃኒትም የሚወስድ ሰው ይኖራል፤ ክትባቱ ግን ይቅደም፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ነገር የለምና። የነከሰውን ውሻ ወዲያው አይግደሉ፤ አስረው አሥር ቀን ይዩት።

በጎችዎ ወደ ጓሳ ጥብቅ ሥፍራ በኩል የሚሰማሩ ከሆነ ያልተከተበ ውሻ አብሮ አይሂድ። በባሌ እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሻ የተሻገረው ይኸው በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮ ፈጅቷል፤ የጓሳ ቀይ ቀበሮዎችም በቁጥር ጥቂት ናቸው።

መንጋዎ ከመቶ ካለፈና ለሁለት ተከፍሎ የሚሰማራ ከሆነ ለእያንዳንዱ አንድ፣ ለቤት ደግሞ ሁለት ማሰብ ይቻላል። በአርባ ሁለት በግ ግን አይደለም።

ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይውሰዱት፤ ሁለቱንም ትልልቆች አብረው ያስከትቡ። ቀድመው ሰው ልከው ክትባቱ መግባቱን ይጠይቁ፤ ክትባቱ በቀዝቃዛ መቀመጥ ስላለበት ሁልጊዜ ላይኖር ይችላል። የሚሰጥዎትን ወረቀት ከግብር ደረሰኝዎ ጋር ያስቀምጡ። አንድ ቀን ውሻዎ የጎረቤት ልጅ ቢቧጭር መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው።