አሸዋውን ከመጣላችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ጉልምስናዬ ያለፈው ድሬዳዋ ላይ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ፊኛ እየሞላሁ ወደ ሰማይ ስለቅ ነው። የሚቲዎሮሎጂ ሠራተኛ ነበርኩ፤ በ1973 ዓ.ም ተቀጥሬ እስከ ጡረታዬ ድረስ ነፋስ ስለካ ኖርኩ። የዚያን ጊዜ የሳቢያን ሰፈር ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ፊኛዋ የት ትገባለች?» እያሉ ይከተሉኝ ነበር። ዛሬ የእነዚያ ልጆች ልጆች ሻይ ስጠጣ አጠገቤ ቁጭ ይሉና ሌላ ጥያቄ ያመጣሉ። ልሂድ ወይስ ልቆይ? ትምህርቱን ልቀይር? ጅቡቲ ይሻላል ወይስ አዲስ አበባ? ለአባቶቹም ለልጆቹም ያለኝ መልስ ከአንድ ቦታ የሚቀዳ ሆኖ ስላገኘሁት ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

የእኛ ፊኛ ትንሽ ነበረች። ሃይድሮጅኑን እዚያው ራሳችን እናዘጋጃለን። ወፍራም ብረት ሲሊንደር ውስጥ ኮስቲክ ሶዳና የአሉሚኒየም ፍርፋሪ ይገባል፣ ውሃ ይጨመርበታል፣ ሲሊንደሩ እጅ እስከማያስነካ ድረስ ይግላል፣ ጋዙም በጎማ ቱቦ እየመጣ ፊኛዋን ይሞላታል። እዚያ ክፍል ውስጥ ክብሪት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ፊኛዋ የተወሰነላትን ክብደት ስታነሳ አፏን በክር አስረን እናወጣታለን፤ ሰማዩ ጥርት ካለ ነጭ፣ ደመና ከሆነ ቀይ፣ ማታ ከሆነ ደግሞ ከሥሯ ትንሽ መብራት ተንጠልጥሎባት። ከዚያ በኋላ ዓይንን ማዕዘን ከሚለካው መነጽር፣ ከቴዎዶላይቱ፣ መነቀል የለም። በየ1 ደቂቃው ሁለት ማዕዘን ይነበባል፤ አንዱ ወዴት እንዳለች፣ ሌላው ምን ያህል ከፍ እንዳለች ይነግራል። በምን ፍጥነት እንደምትወጣ ስለሚታወቅ፣ ከሁለቱ ቁጥሮች በየከፍታው ያለው ነፋስ ይሰላል።

እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ። በክረምት አንዳንድ ቀን ፊኛዋ ስትለቀቅ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጅቡቲ መስመር ትነዳለች። ጥቂት ሺህ ሜትር ከወጣች በኋላ የቆመች ትመስላለች። ቀጥሎ ትዞርና በመጣችበት ተመልሳ፣ በራሳችን አናት ላይ አልፋ ወደ ምዕራብ ትሄዳለች። ከታች አንድ ነፋስ፣ ከላይ ተቃራኒው። ከቀፊራ ገበያ ቆሞ ወደ ላይ የሚያይ ሰው ግን አንድ ሰማይ ብቻ ነው የሚያየው።

ሰው ጭነው ባሕርና አህጉር የሚያቋርጡት ትልልቅ የጋዝ ፊኛዎች የሚኖሩት በዚህ ልዩነት ነው። ሞተር የላቸውም፣ መሪ የላቸውም። ከነፋሱ ጋር አብረው ስለሚሄዱ ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ሰው ነፋሱ ፊቱን ሲነካው እንኳ አይሰማውም። በእጁ ያለው ሥልጣን አንድ ብቻ ነው፤ መውጣት ወይም መውረድ። የሚሻለውን ነፋስ ፈልጎ ወደዚያ ከፍታ ይሄዳል።

ሁለቱም ግን ዋጋ ያስከፍላሉ። ለመውጣት ለክብደት የተጫነው አሸዋ ይጣላል፤ ለመውረድ በቫልቩ በኩል ጋዝ ይለቀቃል። የተጣለ አሸዋ አይለቀምም፤ የተለቀቀ ጋዝም አየር ላይ አይሞላም። ይባስ ብሎ ፀሐይ በየቀኑ ግብር ታስከፍላለች፦ ቀን ጋዙ ሲሞቅ ይነፋና ትርፉ ከሥር ባለው ቱቦ ይወጣል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ፊኛው መስመጥ ይጀምራል፤ እንዳይሰምጥ አሸዋ ይጣላል። ስለዚህ የጉዞው ርዝመት የሚለካው አብራሪው ስንት ሌሊት በአሸዋ መክፈል እንደሚችል ነው። ጎበዝ አብራሪ አሸዋውን ከረጢት ሙሉ አይደፋም፤ በጭልፋ ነው የሚቆነጥረው። ለማረፊያ የሚሆነውንም ከመጀመሪያው ለይቶ ያስቀምጣል፤ መሬት ሲቃረብ ፊኛው በፍጥነት ከወረደ የሚያተርፈው ያ ከረጢት ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1906 ከፓሪስ የተጀመረው የጎርደን ቤኔት የጋዝ ፊኛ ውድድር ላይ የሚያሸንፈው ከተነሣበት ቦታ አርቆ ያረፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለት ቤልጅጋውያን ከአሜሪካ አልበከርኪ ተነሥተው 3,400 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ አርፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ፣ ከውድድሩ ውጭ፣ አንድ አሜሪካዊና አንድ ሩሲያዊ ከጃፓን ተነሥተው ከ160 ሰዓት በላይ አየር ላይ ቆይተው ሰላማዊ ውቅያኖስን አቋረጡ፤ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ፊኛቸው ከሌላው የተለየ ጉልበት ስለነበረው አይደለም እዚያ የደረሱት። ነፋሱን ሳያውቁ ከፍታ አልቀየሩም። እያንዳንዷን ጭልፋ ከመጣላቸው በፊት ከላይ ምን እንደሚጠብቃቸው የሚያውቅ ሰው መሬት ላይ ነበራቸው።

የዚህን ተቃራኒም ልንገራችሁ፤ እኔን የሚያመኝ ታሪክ ነውና። ዓድዋ ከተደረገ በዓመቱ፣ ባቡሩ ድሬ ሊደርስ 5 ዓመት ሲቀረው፣ ሰሎሞን አውጉስት አንድሬ የሚባል ስዊድናዊ መሐንዲስ በሃይድሮጅን ፊኛ ወደ ሰሜን ዋልታ ለመብረር ተነሣ። አገር በሙሉ ከኋላው ነበር፤ ንጉሡ ገንዘብ ሰጥቷል፣ ጋዜጦች ጽፈዋል። ከአንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ ሞክረው ነፋሱ እምቢ ብሏቸው ተመልሰው ነበር። በዚያ ሙከራ አብሯቸው የነበረው ኒልስ ኤክሆልም የእኔ ሙያ ሰው ነው፣ የአየር ጠባይ ሳይንቲስት። ኤክሆልም ፊኛው ምን ያህል ጋዝ እንደሚያፈስ በየጊዜው ለካ። ፊኛው የተሠራበት የሐር ጨርቅ በተሰፋበት የመርፌ ቀዳዳ ሁሉ ጋዙ ይወጣል። በስሌቱ መሠረት ፊኛው ለታሰበው ጉዞ የሚበቃ ጊዜ አየር ላይ አይቆይም። ቁጥሮቹ ግን አንዳንድ ጊዜ ከስሌቱ የተሻሉ ይሆኑበትና ግራ ይገባዋል። በኋላ ከጋዝ ማምረቻው መሐንዲስ እውነቱን ሰማ፤ አንድሬ ማንም ሳያውቅ ጋዝ እያስጨመረበት ነበር።

ኤክሆልም ጉዞውን ትቶ ወጣ። ያን ጊዜ ፈሪ የሚል ስም መሸከም ቀላል አልነበረም። በእሱ ምትክ ክኑት ፍሬንከል ገባ፤ ሦስተኛው ወጣቱ ኒልስ ስትሪንድበርግ ነበር። ጁላይ 11 ቀን 1897 ስቫልባርድ ከተባሉት የሰሜን ደሴቶች ተነሡ። ገና ሲነሡ መሬት ላይ እየተጎተቱ ፊኛውን ለመምራት የታሰቡት ገመዶች አብዛኛው ክፍላቸው ተፈትቶ ወደቀ። ፊኛው ውሃ ሲነካ ደግሞ በድንጋጤ አሸዋ ጣሉ። በደቂቃዎች ውስጥ ለቀናት የታሰበው አለቀ። በ3ኛው ቀን በረዶ ላይ ወረዱ፤ በእግራቸው እየተጓዙ ነጭ ደሴት ከተባለች ቦታ ደርሰው እዚያው ሞቱ። አስከሬናቸው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። የስትሪንድበርግ ካሜራ አብሮ ተገኝቶ ፊልሙ ታጠበ። በረዶ ላይ የተጋደመው ፊኛ፣ አጠገቡም ቆመው የሚያዩት ሁለት ሰዎች ያሉበት ፎቶ አለ። ባየሁት ቁጥር ኤክሆልም የለካው ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ይህን ታሪክ የማነሣው አንድሬን ለመኮነን አይደለም። እኔም ቁጥር አሳምሬ አውቃለሁ።

1976 ዓ.ም፣ ግንቦት ነው። የድሬን ግንቦት ታውቁታላችሁ፤ ቴዎዶላይቱን ስትነኩት ያቃጥላል። ፊኛዋ 9ኛው ደቂቃ ላይ ወደ ፀሐይ ተጠጋችና ጠፋችብኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ሌሊቱንም ተረኛ ነበርኩ። ፎርሙ ላይ «ጠፋች» ብዬ መዝጋት ሲገባኝ፣ እስከዚያ የመጣችበትን አካሄድ ተከትዬ የ5 ደቂቃ ቁጥር ከራሴ ሞላሁ። ማን ያየኛል አልኩ። ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ጠራኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ መስመሩን በጣቱ ተከተለ። እስከ 9ኛው ደቂቃ መስመሩ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከ10ኛው ጀምሮ ልሙጥ ነው፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

«ልጄ፣ ነፋስ እንዲህ አይሄድም» አለኝ። አልተቆጣም። «ይህን አምኖ የሚነሣ አውሮፕላን አለ። ያላየኸውን ባዶ ተወው፤ ባዶ ቦታ ማንንም አይገድልም።»

በቀይ እስክሪብቶ የ5ቱን ደቂቃዎች ቁጥሮች ራሴ እንድሰርዝ አደረገኝ፤ ከጎኑም «ፊኛዋ ፀሐይ አጠገብ ጠፋች» ብዬ ጻፍኩ። ያን ቀን የተሰማኝን ኀፍረት እስካሁን አልረሳሁትም፤ እንድረሳውም አልፈልግም።

ከዓመታት በኋላ፣ በ1991 ዓ.ም የዓድዋ በዓል ዋዜማ፣ ስዊዘርላንዳዊው በርትራንድ ፒካርድና እንግሊዛዊው ብራያን ጆንስ ብራይትሊንግ ኦርቢተር 3 በተባለው ፊኛ ሻቶ ዴ ከምትባል የስዊዘርላንድ መንደር ተነሡ። የእነሱ ፊኛ ሂሊየምና ሙቅ አየር አጣምሮ የያዘ ነው፤ ማታ ጋዙ ሲቀዘቅዝ በፕሮፔን እሳት ያሞቁታል፣ ስለዚህ ነዳጁ እንደ አሸዋ ሆኖ ያገለግላቸዋል። ወሬውን በሬዲዮ እየጠበቅሁ ካርታ ላይ በእርሳስ ምልክት አደርግ ነበር። ሰሜን አፍሪካን አቋርጠው ወደ ዓረብ ምድር ሲሻገሩ፣ ከእኛ በስተሰሜን እንደሚያልፉ አውቄ ግቢ ወጥቼ ወደዚያ አየሁ። ምንም እንደማይታይ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ወጣሁ።

መሬት ላይ ሆነው የሚመሯቸው ሁለት የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ነበሩ፣ ሉክ ትሩለማንስና ፒየር ኤከርት። ፒካርድ ደጋግሞ የሚያወሳው ነገር አለ። ከፍ ብለው ፈጣን ነፋስ አገኙና ደስ አላቸው። ከታች ግን «ውረዱ፣ ቀስ በሉ» የሚል መልእክት መጣ፤ ያ ፈጣን ነፋስ ወደ ግራ ታጥፎ ከመስመራቸው የሚያወጣቸው ነበር። እነሱም ወረዱ። ፍጥነታቸውን እያዩ፣ ከዚያ የተሻለ ፍጥነት ከላያቸው እንዳለ እያወቁ፣ ጄኔቫ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የነገሯቸውን ቁጥር አምነው ወረዱ። ከ19 ቀን፣ ከ21 ሰዓት፣ ከ47 ደቂቃ በኋላ ዓለምን ዞረው ግብፅ በረሃ ላይ አረፉ። እኔ ያን ቀን ያለቀስኩት ለሁለቱ አብራሪዎች ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ባለፈው ወር አንድ የለገሀሬ ሰፈር ልጅ ስልኩን አውጥቶ ደላላው የላከለትን አስነበበኝ። ማክሰኞ ከድሬ መነሣት፣ ረቡዕ ጅቡቲ፣ ሐሙስ ጀልባ፣ ቅዳሜ ሥራ። ገንዘቡ እናቱ ሸጠው የሚሰጡት የአንገት ወርቅ ነው። ያን መልእክት ሳነበው የ1976ቱ ወረቀቴ ዓይኔ ላይ መጣ። ልሙጥ መስመር ነው። በረሃው የለበትም፣ ጥሙ የለበትም፣ ባሕሩ የለበትም፣ የሚያስሩት ሰዎች የሉበትም። ያን መንገድ ሄዶ የመጣ ሰው እንዲህ አያወራም፤ እዚህ ታምሜ ነበር፣ እዚህ ሦስት ሳምንት ቆምኩ፣ እዚህ ጓደኛዬን አጣሁ ይላል።

ሂዱም ቅሩም አልላችሁም። ከድሬ ሰው ሲሄድ ነው የኖረው፤ ከተማዋ ራሷ በባቡር የመጣች ናት። የምለምናችሁ፣ የእናታችሁን ወርቅ፣ ጤናችሁን፣ ከ20 እስከ 25 ያለውን ዕድሜያችሁን ከቅርጫቱ ከመጣላችሁ በፊት ከላይ ያለውን ነፋስ ማን እንደለካላችሁ ጠይቁ። የነገራችሁ ሰው እዚያ ነበር? ያጣውን ነገር ይነግራችኋል? ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ዲፓርትመንት ለመቀየር የምታስቡትም እንደዚያው፤ መቀየር ነውር አይደለም፣ ግን የምትገቡበትን ትምህርት ከተመረቁት መካከል ሥራ ያጡትን ጭምር አግኝታችሁ አነጋግሩ። ለመመለሻ የሚሆን አንድ ከረጢት ደግሞ አትንኩ። ከምትወዱት ሰው ጋር አለመቀያየም፣ ወይ አንድ የእጅ ሙያ፣ ወይ የአውቶቡስ ገንዘብ ሊሆን ይችላል።

የአየር ጠባይ ሥራ እንማር ያላችሁኝ ሦስት አራት ልጆች አላችሁ። ዩኒቨርሲቲ እስክትገቡ አትጠብቁ። ክረምት ሲገባ አንድ ደብተር ግዙ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ደቻቱ ወንዝ ዳር ወይም ቤታችሁ ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ ሦስት ነገር ተመልከቱ፤ የዳቦ ቤቱ ጭስ ወዴት ይሄዳል፣ ዝቅ ያለው ደመና ወዴት ይሄዳል፣ ከሁሉ በላይ ያለው ስስ ደመና ወዴት ይሄዳል። ሐረር ያላችሁ ከጀጎል ግንብ ውጭ ሜዳ ፈልጉ። ጻፉት። ሦስቱ የተለያየ መንገድ ሲሄዱ የምታዩበት ቀን ይመጣል። ከ30 ቀን በኋላ ደብተሩን አምጡልኝ፣ አብረን ቁጭ ብለን እናየዋለን። ያላያችሁበትን ቀን ባዶ ተዉት።