ማሽኑ ሲሳሳት ማን ይጠየቃል? ጥያቄና መልስ ከጎንደር

አሥራ ሁለት ዓመት በዜና ክፍል ሠርቻለሁ፤ አሁን እዚሁ ጎንደር ለወጣት ጋዜጠኞች የመገናኛ ብዙኃን ሕግ አስተምራለሁ። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ስለ ፕሬስ ነፃነትና ስለ ኩባንያዎች ኃላፊነት ያሻችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ ጠየቃችሁ። በመጡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ተለማማጅ ነኝ። ቃለ መጠይቆችን ወደ እንግሊዝኛ የምንመልሰው በማሽን ነው። ስሕተት ቢፈጠር ተጠያቂው ማን ነው?

መልስ፦ ጣቢያችሁ ነው፣ እህቴ። ማሽኑ ፍርድ ቤት አይቆምም። ያየሁትን ልንገርሽ። አንዲት እናት ስለ ልጃቸው ሲመሰክሩ «ልጄ በየቀኑ ይመታል» አሉ። ሲናገሩ «መ»ም «ታ»ም ጠብቀው ነበር፤ ልጁ ይደበደባል ማለታቸው ነው። በጽሑፍ ላይ ግን መጥበቅና መላላት አይታይም። ማሽኑ ቃሉን አላልቶ አነበበውና ልጁን ሰው የሚደበድብ አድርጎ ተረጎመው። ተበዳዩ በአንድ ጠቅታ በዳይ ሆነ። ጽሑፉ ሊወጣ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ቃለ መጠይቁን የቀዳው ባልደረባችን አይቶት ጮኸ። እሱ በዚያ ምሽት ቤቱ ሄዶ ቢሆን ኖሮ የዚያን ልጅ ስም ማን ይመልስለት ነበር? እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ ማሽኑ ረቂቅ ያውጣ፤ ድምፁን በጆሮው የሰማ ሰው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳምጦ ያረጋግጥ። ሌላም አለ። ድምፁን ወደ ማሽኑ ስትልኪው ባሕር ማዶ ወዳለ የኩባንያ ኮምፒውተር ሊሄድ ይችላል። ስማቸው እንዳይገለጽ የለመኑሽን ምንጭ ድምፅ በፍጹም እንዲህ አትላኪ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አውጥቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ አድርጎታል፤ ብዙ ጋዜጠኞች ከታሰሩበት በኋላ የተገኘ ለውጥ ነው። በግዴለሽ ትርጉም ሰው እየጎዳን ያንን ነፃነት ለሚጠሉት ምክንያት አንስጣቸው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት አለኝ። በጥምቀት ሰሞን ያነሳኋትን ልጅ ፎቶ በማሽን አሳምሬ ለማስታወቂያ ሰቀልኩት። እናቷ ተቆጡ። ጥፋቱ የእኔ ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ወንድሜ። ፎቶውን ያነሳኸው አንተ ብትሆንም ፊቱ የእሷ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ ለሌላ ዓላማ ለማዋል ፈቃድ ወይም ሌላ ሕጋዊ ምክንያት ይጠይቃል፤ ልጅ ስትሆን ደግሞ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል። በፋሲለደስ መዋኛ ዳር በሺህ ሕዝብ መሐል ቆማ መነሳቷ የንግድህ ማስታወቂያ እንድትሆን መፍቀዷ አይደለም። ዛሬውኑ አውርደው፤ እናቲቱ ዘንድ ራስህ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳሩ ፕሮፌሰር ጉዳይ ለምን ናይሮቢ ሄደ? አገራችን ፍርድ ቤት የላትም ወይ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ሰፋ አድርጌ እንድመልስ ያስገድደኛል፤ ምክንያቱም የኩባንያ ኃላፊነት የሚባለው ነገር ከወረቀት ወርዶ ሥጋ ለብሶ የሚታይበት ጉዳይ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ትግራዋይ ፕሮፌሰር በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ከመገደላቸው በፊት ስማቸው፣ ፎቷቸውና የሥራ ቦታቸው ከጥላቻ ቃል ጋር በፌስቡክ ተሠራጭቶ ነበር። ልጃቸው ለፍርድ ቤት እንዳቀረበው ጽሑፎቹ እንዲነሱ ደጋግሞ ቢያመለክትም በጊዜው የሰማው የለም። በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከሌሎች ከሳሾች ጋር ክሱን ናይሮቢ አቀረበ፤ የአማርኛ ጽሑፎችን የሚገመግሙት ሠራተኞች ያኔ የተቀመጡት እዚያ ነበርና። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ኩባንያ የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ። በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ፍሬ ነገሩ ላይ የተሰጠ ውሳኔ አይደለም፤ በሩ ተከፈተ እንጂ። እኔ ግን ያን ቀን ደስ ብሎኛል።

ከሳሾቹ የሚሉት ጽሑፉ አለመነሳቱን ብቻ አይደለም። የፌስቡክ ሥርዓት ሰው የሚቆጣበትን ጽሑፍ ይበልጥ ያሠራጫል፤ ይህም ሰዎች ንድፍ አውጥተው የሠሩት ነው ይላሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቃቸው የንግድና የሰብዓዊ መብቶች መርሆዎችም በአጭሩ ሦስት ነገር ይላሉ፤ መንግሥት መብትን ይጠብቅ፣ ኩባንያ መብትን ያክብር፣ ተጎጂ ካሳና ፍትሕ ያግኝ። ኩባንያ የማክበር ኃላፊነቱ መንግሥት የራሱን ባይወጣ እንኳ ይቀጥላል። መርሆዎቹ ግን እንደ አዋጅ አስገዳጅ አይደሉም። የናይሮቢው ክስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የጥላቻ ንግግር አዋጁ ለዚህ አይበቃም?

መልስ፦ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይላል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ሰው ሐሰተኛ መረጃ ቢያሠራጭ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። ክብደቱ ያረፈው በግለሰቡ ላይ ነው፤ እስራቱ ለእሱ ነው። ትርጓሜዎቹም ሰፊ ናቸው፤ ሰፊ ትርጓሜ ደግሞ ባለሥልጣን ለሚተች ጋዜጠኛ ወጥመድ ይሆናል። ቅጣቱ ወደ ኩባንያዎቹ የንግድ ሥርዓት ቢያዘነብል እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ በማሽን የሚሠራ የይዘት ቁጥጥር አማርኛን ይችላል?

መልስ፦ በሚገባው ልክ አይችልም። ከ«ይመታል» አልፋችሁ ወደ ሰምና ወርቅ ኑ። እዚህ ጎንደር አዝማሪ ሰውን ሲያሞግስ እየሰደበ፣ ሲሰድብም እያሞገሰ ይዘፍናል። ወርቁን ለማውጣት አገሩን፣ ሰውየውንና ያን ሰሞን የሆነውን ማወቅ ይጠይቃል። ማሽኑ ሰሙን አይቶ ንጹሑን ያነሳል፣ መርዙን ያሳልፋል። መፍትሔው አማርኛ የሚያውቁ ሰዎችን በደህና ደመወዝ መቅጠር ነው።

ጥያቄ፦ ለዚሁ የይዘት ግምገማ ሥራ በሰዓት የሚከፍል ድርጅት አግኝቻለሁ። ልግባ?

መልስ፦ ሥራ ለሌለው ወጣት አትግባ ማለት ይከብደኛል። ብቻ ውሉን ሳታነብ አትፈርም። ናይሮቢ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ግድያና ማሰቃየት ሲያዩ የዋሉ ገምጋሚዎች አእምሯችን ተጎዳ ብለው ኩባንያዎችን ከስሰዋል። የሥነ ልቦና ምክር አለ ወይ? የዕረፍት ሰዓት ስንት ነው? ስላየኸው ነገር ለሐኪምህ እንኳ እንዳትናገር የሚያስር አንቀጽ ካለ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ሲዘጋስ? አስጎብኚ ነኝ፤ እንጀራዬ ነበር።

መልስ፦ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያየሁትን አልረሳም። ወሬው በሰው አፍ ብቻ ሲዞር አንዱ አሉባልታ በዘጠኝ መልክ ይመለስልን ነበር፤ ጋዜጠኛው ማጣራት ሲያቅተው ሐሰት ያለ ተቀናቃኝ ይነግሣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃ የመሻት፣ የመቀበልና የማሠራጨት መብት ይሰጣል። የቴሌኮም ኩባንያም ዝጋ ሲባል ትእዛዙን በጽሑፍ ሊጠይቅ፣ ለደንበኞቹ ምክንያቱንና ጊዜውን ሊናገር ይገባዋል።

ጥያቄ፦ አዝማሪ ነኝ። ድምፄን በማሽን ገልብጠው ዘፈን ሠሩበት።

መልስ፦ ከዋኝ እንደመሆንዎ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ መብት አለዎት፤ ይህም ክዋኔዎን ያለ ፈቃድ መቅዳትንና ማባዛትን ይመለከታል። ሕጉ ሲወጣ ድምፅን የሚኮርጅ ማሽን ስላልነበር ክርክሩ ከባድ ይሆናል። መጀመሪያ የእርስዎን ኦሪጅናል ቅጂ ቀኑ እንዳለበት ያስቀምጡ፤ ከዚያ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። ቅጂውን ይዘው ቢሮዬ ቢመጡ ማመልከቻውን አብረን እንጽፋለን።

ጥያቄ፦ ልጄ በስልክ ደውሎ ገንዘብ ላኪ አለኝ፤ ድምፁ የራሱ ነው፣ ቁጥሩ ግን ሌላ።

መልስ፦ እናቴ፣ አይላኩ። ስልኩን ይዝጉና በሚያውቁት ቁጥር ይደውሉለት። ከዚያ በቤታችሁ ብቻ የምታውቁትን አንድ ጥያቄ ይወስኑ፤ ለምሳሌ የቀድሞ በቅሏችሁን ስም።