ሱፐርቫይዘር ሳላገኝ ባመለክትስ?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ባዮሎጂ በዲግሪ ጨርሻለሁ ውጤቴ 3.4 ነው፣ ካናዳ በሪሰርች ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ፣ ፎርሙን ዝም ብዬ ሞልቼ ልላከው ወይስ መጀመሪያ ፕሮፌሰር ልፈልግ? እህታችሁ ከጎንደር

መልስ፦ እህቴ ፎርሙን ለጊዜው ተይው። አንቺ ያልሽው የሪሰርች (የቴሲስ) ማስተርስ ላይ አብዛኛው የካናዳ ባዮሎጂ ዲፓርትመንት፣ አልበርታ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ፣ ሱፐርቫይዘር፣ ማለት ሪሰርችሽን የሚመራልሽ ፕሮፌሰር፣ እሺ ካላለሽ ውጤትሽ ቢያምርም አይቀበልሽም፣ ምክንያቱም የምትኖሪበት ብር ባብዛኛው የሚመጣው ከሱ የሪሰርች ፈንድና ላብ ላይ ረዳት ሆነሽ ከምትሠሪው ነው፣ ኮርሱ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ወደ 2 ዓመቱ የሚያልቀው ሪሰርች ላይ ነው። ስለዚህ ለቀጣዩ ዓመት ከሆነ መስከረም ጥቅምት ላይ ለፕሮፌሰሮች ኢሜይል መላክ ጀምሪ፣ አደራሽን ግን አንዱን ጽሑፍ ለ50 ሰው ኮፒ አታድርጊ ወዲያው ያስታውቃል! ፕሮፌሰሩ ያሳተመውን ጥናት አንብቢና ምኑ እንደሳበሽ፣ አንቺም ለመመረቂያሽ ምን እንደሠራሽ ባጭሩ ጻፊለት፣ እንቁራሪትም ይሁን ጤፍ ትንሽ ነው ብለሽ እንዳትደብቂው እሱን ነው ማየት የሚፈልጉት። ሲቪና ትራንስክሪፕት አያይዢ። በ2 ሳምንት ካልመለሰ አንዴ አስታውሺው ከዛ እለፊው። የማመልከቻውን ክፍያ ደሞ እሺ የሚልሽ ሳታገኚ እንዳትከፍዪ፣ ብሩ አይመለስም።