በቤት የተሞላ ጥይት በአጭር ካርቢን ውስጥ ለምን ይቀረቀራል?

ጥያቄ፦ በኮሎራዶ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። የአፈሙዙ ርዝመት 16 ኢንች የሆነ፣ በሊቨር (ከምላጩ ሥር ባለው የእጅ ማንሻ) የሚጎርስ፣ 357 ማግነም የተባለውን ጥይት የሚተኩስ ካርቢን (አጭር ጠመንጃ) አለኝ። የፋብሪካ ጥይት ያለ እንከን ይጎርሳል፤ ራሴ የምሞላው ግን አንዳንዱ ጥይቶቹ ከሚደረደሩበት ቱቦ እንደወጣ መንገድ ላይ ይቀረቀራል፣ አንዳንዱም ማረፊያው (ጥይቱ የሚተኮስበት ክፍል) ውስጥ ገብቶ ሊቨሩ አልዘጋ ይላል። አረሩ እንዳይላቀቅ ብዬ የቀለሃውን አፍ በክሪምፕ (አፉን ወደ ውስጥ በማጠፍ) አጥብቄ እይዘዋለሁ። ጠመንጃውን ለጠጋኝ ልስጠው ወይስ ጥፋቱ የእኔ ነው?

መልስ፦ ውድ አንባቢ፣ የፋብሪካው ጥይት ሳይደናቀፍ ካለፈ ጠመንጃውን ለጊዜው ይተዉትና ጥይትዎን ይመርምሩ። አልዘጋ ያለ ሊቨርን ግን እባክዎ በጉልበት አይግፉት፤ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ እንዳዞሩ ጥይቱን ያውጡት።

ባሩድም ፕራይመርም (ባሩዱን የሚለኩሰው በቀለሃው ግርጌ ያለ ክፍል) የሌለው አንድ የሙከራ ጥይት በዚያው የመሙያ መሣሪያና በዚያው ልክ ይሥሩ። ዙሪያውን በጥቁር ማርከር ቀብተው ቀለሙ ሲደርቅ በጣትዎ ወደ ማረፊያው ይግፉትና መልሰው ያውጡት። ቀለሙ ከቀለሃው አፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ እንደ ቀለበት ተፍቆ ካዩት፣ ክሪምፑ ከልክ በላይ ጠብቆ የቀለሃው ጎን አብጧል ማለት ነው፤ ደብዳቤዎን ሳነብ በመጀመሪያ የጠረጠርኩትም ይህንኑ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሚከሰተው አረሩን መክተትና አፉን ማጥበቅ በአንድ ምት ሲሠሩ ነው፤ አረሩ ገና እየወረደ ሳለ የቀለሃው አፍ ቀድሞ ስለሚይዘው የቀለሃው ናስ መሄጃ አጥቶ ወደ ጎን ይገፋል። ሁለቱን ሥራዎች በሁለት ዙር ይለያዩዋቸው። ረጅሙ ቀለሃ ከአጭሩ ይበልጥ ስለሚጠብቅም ቀለሃዎቹን ሁሉ ቆርጠው እኩል ያድርጓቸው። ቀለሙ የተፋቀው በአረሩ ትከሻ ላይ ከሆነ ግን አረሩ በበቂ አልገባም።

መንገድ ላይ የሚቀረቀረው በአብዛኛው የርዝመት ጉዳይ ነው። ለ357 ማግነም የተወሰነው ከፍተኛ ርዝመት 1.590 ኢንች፣ ማለትም 40.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ጥቂት የረዘመ ጥይት ሪቮልቨር ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ በካርቢን ግን ከቱቦው ወደ ማረፊያው በሚያነሳው ብረት ላይ ቦታ ያጣል። ስለዚህ የሞሉትን ሁሉ አንድ በአንድ በካሊፐር (በጥቃቅን የርዝመት መለኪያ) ይለኩ። አረሩን ወደ ውስጥ ማስገባት የባሩዱን ቦታ ስለሚያጠብ ግፊቱን ይጨምራል፤ ርዝመቱን ከቀየሩ በመመሪያው መጽሐፍ ከተሰጠው ዝቅተኛ የባሩድ መጠን እንደገና ይጀምሩ።

ክሪምፑንም ፈጽመው እንዳይተዉት፤ በቱቦው ውስጥ ጥይቶቹ አፍና ጅራት ገጥመው ስለሚደረደሩ፣ የቱቦው ሞላ (ስፕሪንግ) ግፊትና የተኩሱ ምት አረሩን ወደ ቀለሃው ይገፋዋል። በዚሁ ምክንያት የአረሩ ጫፍ ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ሹል ጫፍ የፊተኛውን ጥይት ፕራይመር መትቶ በቱቦው ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል። የክሪምፑን ልክ ለማወቅ የሙከራውን ጥይት ለክተው ጫፉን በእንጨት ጠረጴዛ ላይ በአውራ ጣትዎ ጠንክረው ይጫኑት፣ ከዚያም እንደገና ይለኩት። ካጠረ አልያዘም።