ሞተር ባለው ግላይደር ጎጃም ላይ ስለመብረር ለጠየቀው ወንድማችን

ሰላም ወንድምዓለም። ደብረ ማርቆስ ተወልደህ ጀርመን አገር ሞተር ባለው ግላይደር (ሞተሩን አጥፍቶ በአየር ላይ በሚንሸራተት ቀላል አውሮፕላን) መብረር መጀመርህን ሳነብ ልቤ ሞላ። እኔም የሞጣ ልጅ ነኝ፤ እዚያው ጀርመን ለዓመታት በርሬያለሁ፣ አስተምሬያለሁም። «ወደፊት ፈቃድ ባገኝ ከባሕር ዳር ተነሥቼ የጮቄን ተራራ ዞሬ እመለሳለሁ፤ አየሩ ቢከዳኝ ሞተሩን አስነሣለሁ። ታዲያ ምኑ ያስፈራል?» ብለሃል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው «ሞተሩን አስነሣለሁ» ማለትህ ነው።

ሞተሩ ላይነሣ ይችላል። እንደ ዲጂ 400 ባለ ግላይደር ከጀርባ ታጥፎ የሚቀመጥ ሞተር ለሰዓታት ብርድ ሲመታው ከቆየ በኋላ በመጀመሪያው ሙከራ ለመነሣቱ ዋስትና የለውም። ወጥቶ ካልተነሣ ደግሞ ሞተሩን ይዞ የሚወጣው ምሰሶና ፕሮፔለሩ ነፋሱን ይገትራሉ። በረጋ አየር ከ1,000 ሜትር ከፍታ 40 ኪሎ ሜትር የሚንሸራተተው ግላይደር ያን ጊዜ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሄድም። አብራሪው ማብሪያውንና ነዳጁን ሲነካካ ዓይኑ ከውጭ ይነሣል፣ ፍጥነቱም ሳያውቀው ይወርዳል። ብዙ ጎበዝ አብራሪ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምታርፍበትን ማሳ ምረጥ። ከማሳው በላይ ሆነህ ነፋሱን ለይ፣ በየት በኩል እንደምትገባ ወስን፤ ሞተሩን የምታወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እምቢ ካለህ ትተኸው ማሳው ላይ እረፍ። እኔ ከመሬት 400 ሜትር በታች ሞተር አላወጣም፤ ጎጃም ላይ ቢሆን 600 አደርገዋለሁ። ፕሮፔለሩ ፊት ለፊት ያለው እንደ ፋልከ ያለ ግላይደር ጭንቀቱ ቢቀንስም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

ከፍታውን የጨመርሁት በከንቱ አይደለም። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሞቃት ቀትር አየሩ 2,700 ሜትር ላይ እንዳለው ያህል ይሳሳል፤ ተርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ጀርመን ውስጥ በደንብ የሚወጣው ግላይደር እዚህ በሰከንድ 2 ሜትር ቢወጣ፣ ከጮቄ ጀርባ የሚወርደው አየር ደግሞ በሰከንድ 3 ሜትር ቢጎትትህ፣ ሞተርህ እየሠራ ትወርዳለህ። የፍጥነት መለኪያው የለመድኸውን ቁጥር እያሳየህ መሬት የምትነካበት ፍጥነትም ከባሕር ጠለል ይልቅ ከአሥር በመቶ በላይ ይበልጣል፤ ረዘም ያለ ማሳ ያስፈልግሃል።

ማሳው ደግሞ ያታልላል። ጤፍ ከታጨደ በኋላ ከላይ ሲያዩት ሁሉም እንደ ምጣድ የተስተካከለ ይመስላል። ዝቅ ስትል ግን እርከኑ፣ ተለቅሞ የተከመረው ድንጋይና ቃርሚያ የሚግጡት ከብቶች ይታዩሃል። ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ጎማ ይይዛል፤ በክረምት ጭቃው አያስቆምም አያስኬድም። ተዳፋት ከሆነ ነፋሱ ብርቱ እስካልሆነ ድረስ ሽቅብ እረፍ። በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ብትዞር፣ ገደሉ ውስጥ ማሳ አለ ብለህ አታስብ፤ ያለ ሞተር ማዶው ጠርዝ የሚያደርስ ከፍታ ከሌለህ አትሻገር።

ጮቄ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፣ ኦክስጅን ያዝ። የደጋ ልጅ መሆን አይበቃም፤ አየር ያነሰው አእምሮ ማሳውን አይቶ መወሰን ያቅተዋል።

በመመለሻህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ሽቅብ የሚያነሣህን ሙቀት ያጠፋዋል። ባሕር ዳር በዓይን ስትታይ «ደረስሁ» ማለት ይመጣል፣ አየሩ የሚከዳህም እዚያው ነው። ውሳኔህ ከባሕር ዳር በፊት ባለችው አዴት ከተማ ላይ ይሁን፤ ሐይቁ ዳር ደርሰህ ሞተር ከመለመን፣ እዚያው ከፍታ ሳለህ ማሳህን ይዘህ ሞክረው።

የምትበርበትን የግላይደር ዓይነትና የሞተሩን ጉልበት ጻፍልኝ፤ በባሕር ዳር ቀትር በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚወጣ አብረን እናሰላለን።